«አትደናገጡ» ያለችን ዶክተር

ሰው ማስደንገጥ የፈለገ «አትደንግጡ» ይበል፤ ሌላ ድካም የለውም። ደጃችሁ ላይ በማለዳ ቆሞ «አይዟችሁ፣ ምንም የለም» የሚል ሰው መርዶ እንጂ ማር ይዞ መጥቶ ያውቃል?

የባሕር ዳሯ ዶክተር ይህን አላወቀችም። ዕድሜዋን ፀሐይን ስታጠና፣ እኛን መቼ ታጥና? በሬዲዮ ቀርባ፣ ፀሐይ ነበልባል ተፍታብናለች፣ ዓርብ ይደርሳል አለች። ስለ ሳተላይት ብዙ አወራች። መጨረሻ ላይ፣ «ኅብረተሰቡ እንዳይደናገጥ!» ብላ ጨረሰች። ጨረሰችን ብል ይሻላል።

እኔን የነካኝ በልጅ ልጄ ነው። ጣና መሐል፣ ደቅ ደሴት ላይ፣ ቅዳሜ አርባ ቀኑ ነው፤ ክርስትና ይነሣል። አርባ ቀን ደግሞ ፀሐይ ተፋች ብሎ አይጠብቅም። የክርስትና አባቱን፣ የፋብሪካ ሠራተኛውን ታምራትን፣ ዓርብ ጠዋት በጀልባዬ ላሻግረው ስል ከወደቡ ንቅንቅ አልል አለ።

«ጋሼ፣ የብስ ላይ ቢሆን ዛፍ ሥር እገባለሁ። ሐይቅ መሐል የት ልግባ?»

«ምንም አያደርግም ብላለች» አልሁት።

«እሱ ነው እኮ ያስፈራኝ!»

ዶክተሯ ዘንድ ሄድሁ። ሥዕል እየሣለች ብዙ አስረዳችኝ። ሲበቃኝ፣ «ልጄ፣ ሰው ላይ ምን ያደርጋል?» አልኋት።

«ምንም አባቴ። የስልክዎ ካርታ ቢሳሳት ነው።»

«ይችን መጥተሽ ለታምራት ንገሪልኝ።»

ደግ ናት፤ ተከተለችኝ። ታምራት ሰምቷት ሲያበቃ፣ «እንግዲያው ዶክተር፣ እርስዎ ይቅደሙና» አላት። አንድ እግሯን እንዳስገባች ጀልባዋ ተወዛወዘች። ለካ ሐይቅ ላይ ወጥታ አታውቅም! ትከሻዬን ጨምድዳ፣ «አባቴ፣ አይገለበጥም?» አለችኝ።

እኔም ከሬዲዮ እንደተማርሁት፣ «ምንም አያሰጋም፤ አትደንግጪ» አልኋት።

ዘላ ወረደች።

ታምራት ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ እየሳቀም ገባ። እሷ ግን ዳር ቆማ ቀረች። የራሷን ቃል ከሰው አፍ መስማቷ ይመስለኛል። ኋላ፣ «እሺ፣ እውነቱን ይንገሩኝ» አለች።

«ሐይቁ የሚናወጠው ከሰዓት ነው። አሁን ገና ረፋድ ነው። ይችን እንጨት ያዢ።»

ገባች። በማግስቱ ልጁ ክርስትና ተነሣ፤ እሷም ድግሱን በልታ በሰላም ተመለሰች።

ከወራት በኋላ ፀሐይ ዳግመኛ ተፋች። ዶክተሯ በሬዲዮ፣ «የስልክ ካርታ ሊያሳስት ይችላል፤ መንገድ ሰው ጠይቁ» አለች። ሌላ ቃል አልጨመረችም። ኮራሁባት።

ወዲያው ታምራት ደወለ።

«ጋሼ፣ ሰሙ? ዛሬ አትደናገጡ አላለችም! ምን ደብቃን ይሆን?»