የእትዬ ወለተ ጊዮርጊስ የስንብት መዝሙር

ሰው መሞቱ አይቀርም፤ ያለ ኮሚቴ መሞት ግን ሥርዓት አልበኝነት ነው። ይህን ጥልቅ እውነት በድሬዳዋ ከአቶ ገብረ መድኅን የተሻለ የተረዳ የለም። በከዚራ ሰፈር የአንዲት ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ሰብሳቢ ናቸው። የሰማንያ አንድ ዓመቷ ኦርጋን ተጫዋች እትዬ ወለተ ጊዮርጊስ «ከሳምንት አያልፉም» መባላቸውን እንደሰሙ፣ በዚያው ዕለት «የስንብት መዝሙር አስፈጻሚ ንዑስ ኮሚቴ» አቋቋሙ። ስለ ትንሣኤ ተስፋ የሚናገር መዝሙር ተመረጠ። ፕሮግራም ታተመ። ቀብሩ ቅዳሜ ሆነ።

አንዲት ኢምንት ችግር ብቻ ተከሰተች፤ መዝሙሩን በኦርጋን መጫወት የሚችል ሰው ከሟቿ በቀር አልተገኘም። ኮሚቴውም በጥልቀት መክሮ፣ ሟቿ ከመሞታቸው በፊት መጥተው እንዲጫወቱና በስልክ እንዲቀዱ ወሰነ።

አቶ ገብረ መድኅን ባጃጅ ይዘው ሄዱ። አስታማሚዋ ጎረቤት መድና በሩ ላይ ተገተረች።

«አቦ፣ ሴትዮዋን ለራሷ ቀብር ልታሠራት ነው?»

«ለአገልግሎት ነው፣ መድና።»

ከውስጥ ደካማ ድምፅ መጣ። «መድና፣ ነጠላዬን አቀብዪኝ። እነዚህ ያለ እኔ ከጀመሩት ሰማይ ቤት ድረስ መዋረዴ ነው።»

ቤተ ክርስቲያን ደርሰው ኦርጋኑ ፊት ሲቀመጡ የሚንቀጠቀጡት ጣቶቻቸው ረጉ። መዘምራኑ «መቃብር ደጅ ነው እንጂ ግድግዳ አይደለም» ማለት ሲጀምሩ አሮጊቷ አቆሙ።

«ገብሬ፣ የምትለውን ታምንበታለህ?»

«እንዴታ! በሙሉ ድምፅ ጸድቋል።»

«እኔ የሰማሁት ድምፀ ተአቅቦ ነው። የምሞተው እኔ፣ የምትንቀጠቀጠው አንተ! እንደገና!»

አሥራ አንድ ጊዜ አስጀመሯቸው። በአሥራ አንደኛው ዓይናቸውን ጨፍነው በዝግታ ተጫወቱ። አቶ ገብረ መድኅን አርባ ዓመት የዘመሩትን ቃል ያን ዕለት ገና ሰሙት። ሴትዮዋ እውነት ሊሄዱ ነው! እንባቸው ወረደ።

«አሁን ገባህ» አሉ እትዬ፣ እጃቸውን ከኦርጋኑ ሳያነሱ።

ቅዳሜ መጣ፤ እትዬ ግን አልሞቱም። ጭራሽ መድና ያቀረበችላቸውን ሾርባ ደግመው ጠየቁ። ሁለተኛው ቅዳሜም እንዲሁ አለፈ። አቶ ገብረ መድኅን በልባቸው ፈነጠዙ፤ ግን ፈንጠዝያ በቃለ ጉባኤ አይያዝ ነገር! ኮሚቴው፣ «በታተመው ፕሮግራም ያልተገኙበትን ምክንያት በጽሑፍ እንዲያሳውቁን» የሚል ደብዳቤ አወጣ። ሰብሳቢው እያፈሩ ፈረሙ፤ እያፈሩም ራሳቸው አደረሱ።

እትዬ መነጽራቸውን አድርገው ሁለቴ አነበቡና ከጀርባው ጻፉበት፦

«የበላይ አካል ውሳኔ እየጠበቅሁ ነው። ለመሆኑ ተራው የእኔ መሆኑን ማን ነገራችሁ?»