ጣሪያ ተሸካሚው ኮሚቴ

ኮሚቴ የሚባል ነገር እወዳለሁ። አትሳቁ! የሰው ችግር ሲነገረው ቁጭ ብሎ የሚያስብ ከየት ይገኛል? እርግጥ ያን ጊዜ ክልሉ ገና አዲስ ስለነበር፣ አሶሳ ላይ ቁጭ ማለቱም ቀላል አልነበረም፤ አንዱን ወንበር የእርሻውም የጤናውም ሠራተኛ በተራ ነበር የሚቀመጥበት። እኔ ራሴ ከደብረ ማርቆስ ተመድቤ መጥቼ፣ ቀን የምሠራበት ጠረጴዛ ላይ ማታ እተኛ ነበር።

ታዲያ በግጭት የተፈናቀሉ ሰዎች በመንጌ መንገድ ካለ አንድ መንደር ማረፋቸው ተሰማና፣ ኮሚቴያችን የመጠለያ ችግራቸውን አጥንቶ አማራጭ እንዲያቀርብ ታዘዘ። ድንኳን ይሁን? ቆርቆሮ ይሁን? ወይስ ሌላ ቦታ ይስፈሩ? ተከራከርን፣ ተኮራረፍን፣ ታረቅን። ክረምቱ ግን የእኛን ቃለ ጉባኤ የሚጠብቅ አልሆነም።

ስንደርስ ሌሎቹን ተፈናቃዮች መንደርተኛው ጎጆ ሠርቶ አስገብቷቸዋል። የቀረችው ከወሎ በሰፈራ መጥታ፣ ኑሮ ያዝኩ ስትል ዳግም የተፈናቀለችው ዘሐራ ናት። ዳዴ ያልጀመረ ልጇን ታቅፋ ዛፍ ሥር ተቀምጣለች፤ ደመናው ደግሞ ከላይ ያጉረመርማል። ዝናቡ ከቀደመ ያ ጨቅላ ምን ይውጠው? ሊቀመንበራችን ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ለመሆኑ ምን ዓይነት መጠለያ ትመርጫለሽ?» ከማለቱ የመንደሩ ሽማግሌ ሼኽ ሐሚድ እጁን ያዙት።

«ወሬ በኋላ! መጀመሪያ ጣሪያ!»

እዚያ አገር ጣሪያው በቀርከሃና በሣር መሬት ላይ ተሠርቶ ያልቃል፤ ከዚያ መንደሩ ነቅሎ ይወጣና ዙሪያውን ይዞ ግድግዳው ላይ ይጭነዋል። የዘሐራም ቤት ግድግዳው ቆሞ፣ ጣሪያው ተሸካሚ ብቻ ይጠብቅ ነበር። እኛ ደቦ የምንለውን የአገሩ ሰዎች፣ በርታዎቹ፣ ነፊር ይሉታል። ነፊር ላይ ደርሶ እንግዳ ነኝ ብሎ መቆም የለም። ስለዚህ ኮሚቴው በሙሉ፣ ሊቀመንበሩም ከነከረባቱ፣ ጣሪያ ሥር ገባ። ድንኳን ባዩና ቆርቆሮ ባዩ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ቃል ተናገሩ፦ «ቀስ! ቀስ!»

ወይ ጉድ! ለራሳቸው ስንቱ የጎደላቸው ሰዎች ትናንት ላላወቋት ሴት እንዲህ ሲረባረቡ ሳይ ደነቀኝ፤ ዛሬም ይደንቀኛል። የመጀመሪያው ጠብታ ሲወርድ ዘሐራ ልጇን አቅፋ ቤቷ ገብታ ነበር።

እኛም ተከትለናት ተጠለልን። ሊቀመንበሩ ከረባቱን እያራገፈ፣ «እንግዲህ ቤት የሌለው ስንት ሰው ቀረ?» አለ። ሼኽ ሐሚድ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተ የት ነው የምትተኛ?»

«ቢሮ... ጠረጴዛ ላይ።»

«እንግዲያው አንድ ሰው ቀርቷል።»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ያልሳቀችው ዘሐራ ብቻ ናት።

«ውይ ወንድሜን!» አለች። «ዝናቡ ያባራ እንጂ፣ የሱን ቤት ሣር እኔ ነኝ የማጭደው።»