ያማረ እምቢታ

እስቲ ልጠይቃችሁ። ምሳ ሰዓት ላይ ሰው ቤት ደርሳችሁ "ኑ፣ ቅረቡ" ስትባሉ ምን ትላላችሁ? "በልቻለሁ" ነው የምትሉት። አንጀታችሁ ታጥፎ፣ ዓይናችሁ ትሪው ላይ ተተክሎ፣ "አሁን እኮ ነው በልቼ የወጣሁት" ትላላችሁ። ባለቤቱ አያምናችሁም፤ እንዲያምናችሁም አትፈልጉም። "በሞቴ" ይላል። "ኧረ ጠግቤያለሁ" ትላላችሁ። "አፈር ስሆን" ይላል። ያኔ "እንግዲህ እንዲህ ካልክማ" ብላችሁ እጃችሁን ትታጠቡና ከባለቤቱ በላይ ትጎርሳላችሁ። የመጀመሪያውን እምቢታ አምኖ ትሪውን የሚያነሳ ሰው ቢያጋጥማችሁ ዕድሜ ልካችሁን ስታሙት ትኖራላችሁ። እውነታችሁንም ነው።

እኔ እንዲህ ያለ ሰው አጋጥሞኛል። ስሙ ጀማል ነው፤ የኮምቦልቻ ልጅ፣ ጨዋ፣ የተማረ። ያበላሸውም መማሩ ነው ብዬ ነበር፤ አሁን ግን እንጃ።

ጊዜው ሐርጌሳ ከጦርነቱ ፍርስራሽ የምትነሳበት ጊዜ ነበር። ጀማል አንድ የመልሶ ግንባታ ቢሮ ውስጥ ተቀጥሮ መጣ። እኔ ከእሱ ቀድሜ መጥቼ 26 ጁን የሚባለው ሰፈር ውስጥ ጎሚስታ ከፍቻለሁ። የዚያን ጊዜዋ ሐርጌሳ ለጎሚስታ ጀነት ነበረች ብላችሁ አላጋነንኩም። ከተማው ግማሹ እየፈረሰ ግማሹ እየተሠራ፣ መንገዱ ሁሉ ሚስማር ነው። አንዱ ቤቱን ያቆማል፣ ቤቱን ካቆመበት ሚስማር አንዷ አምልጣ የሌላውን ጎማ ትበሳለች፣ እኔ ደግሞ ልጆቼን አሳድጋለሁ። መልሶ ግንባታ ማለት ለእኔ ይኸው ነበር።

ጀማል ቢሮው አልበቃው አለና በማታ ሁለተኛ ዲግሪ ጀመረ። ትምህርቱ "የውስብስብ ፕሮጀክቶች አመራር" ይባላል። ስሙን ስሰማ ሳቄ መጣ። ለመሆኑ ቀላሉ ፕሮጀክት የት አለ? በዚያን ጊዜ አንድ የውሃ ቦቴ ሰፈር ድረስ ለማስመጣት እንኳ ከሾፌሩ፣ ከሾፌሩ አጎት፣ ከሰፈሩ ሽማግሌዎችና ከጫት ሰዓት ጋር መስማማት ነበረባችሁ። ትምህርቱ ግን ልጁን እንደ ዛር ያዘው። ሰርግ ቤት ሩዙ ሲዘገይ "ክሪቲካል ፓዙ ላይ እክል አለ" ይላል። ባለቤቴን አንድ ቀን "ባለድርሻ አካል" ብሎ ቢጠራት አንድ ሳምንት ሙሉ ሰላምታ ነሳችው።

የትምህርቱ ማብቂያ ላይ እያንዳንዱ ተማሪ አንድ እውነተኛ ሥራ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መርቶ ክፍል ፊት ማቅረብ አለበት። አንዱ የትምህርት ቤት ጣሪያ መረጠ፤ ሌላው ዳሚ ሰፈር ውስጥ የሚቆፈር ጉድጓድ መረጠ። ጀማል ጋብቻ መረጠ። የራሱን።

ልጅቱ ሐያት ትባላለች፤ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች። ጀማል ራሱን ሳያመው የራስ ምታት መድኃኒት እየገዛ ነው የተዋወቃት፤ ቤቱ ውስጥ የተከማቸው ክኒን ለአንድ ክፍለ ከተማ ይበቃል። አባትዋ ጋሽ ይማም የወሎ ሰው ናቸው፤ ከበርበራ ወደብ ሲሚንቶ ሲያመላልሱ የኖሩ ሾፌር፣ ቤታቸው 31 ሜይ የሚባለው ሰፈር። ችግሩ ጋሽ ይማም ረመዳን ሳይገባ መሪውን አስረክበው፣ ቤተሰባቸውን ጠቅልለው ሀገር ቤት ሊገቡ ቆርጠዋል። ጋብቻው ከዚያ በፊት ካልተቆረጠ ሐያትም አብራ መሄድዋ ነው። ልጁ ደግሞ ይወዳታል፤ እንደ ክኒኑ ብዛት ነው የሚወዳት።

እንግዲህ ሽማግሌ ይላክ ተባለ። ከየት ይምጣ? ሽማግሌ ሀገር ቤት ይቀራል እንጂ አይሰደድም። ሐርጌሳ ያለነው ሁላችን ሯጮች ነን። ተፈልጎ ተፈልጎ ሁለት ሰው ተገኘ። አንደኛው የጀማል ቤት አከራይ ሐጂ አብዲ ናቸው፤ የሐርጌሳ ተወላጅ፣ በጦርነቱ ጊዜ ድሬዳዋ ተሰደው አማርኛ የለመዱ፣ የድሬዳዋ አማርኛ ስለሆነም ንጉሥም ቢመጣ "አንተ" የሚሉ። ሁለተኛው እኔ ነኝ። ያኔ አርባም አልሞላኝም፤ ጺሜ ላይ ሽበት ቢፈለግም አይገኝም። ሐጂ አብዲ "ሂና ተቀባ፣ ሽማግሌ ትመስላለህ" ብለው እንደ እሳቸው አስቀቡኝ። እሳቸውን ያስከብራቸዋል። እኔ ግን ብርቱካን መሰልኩ።

በብርቱካን ጺሜ ጋሽ ይማም ቤት ገባሁ። ፋቲሃ ተቀራ፤ ሐጂ አብዲ ጉሮሯቸውን ጠርገው "ልጅህን ለልጃችን ስጠን" አሉ። ጋሽ ይማም አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ ጀመሩ። ልጅቱ ገና ሕፃን ናት አሉ (ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው)። ያለ ዘመድ ምክር የሚሆን ነገር የለም አሉ። ልጁንም በቅጡ አናውቀው አሉ፤ ይኸው ጀማል በየጁምዓው ቤታቸው ምሳ የሚበላው ማለት ነው። "ስለዚህ ወንድሞቼ፣ ለጊዜው ነገሩ የሚሆን አይመስለኝም" ብለው ደመደሙ። ኧረ እንዴት ያለ እምቢታ! ዘለፋ የለበት፣ ጥድፊያ የለበት። እጃቸውን ይዘን ልንስማቸው ምንም አልቀረን። ስንወጣ ግቢው ውስጥ አንዲት ፍየል ታስራ አየሁ። ለመመለሻችን ተገዝታ ነው፤ ይህ ደግሞ አይነገርም፣ ይታያል።

ጀማል ማዶ ሻሂ ቤት ተቀምጦ ይጠብቀናል። "እምቢ አሉን! አልሐምዱሊላህ!" አልኩት ከሩቅ። ሐጂ አብዲም "ወላሂ እንዲህ ያማረ እምቢታ ሰምቼ አላውቅም" አሉ። ልጁ ግን ፊቱ አመድ ሆነ። ሻሂውን ሳይጨርስ ተነስቶ ሄደ።

በማግስቱ ቢሮው ጠራን። ፊታችን የታሸገ ውሃ ደርድሯል። ዓይኑ ቀልቷል፤ እንዳለቀሰ ያስታውቃል። ከአስተማሪው የተማረው ነገር አለ፦ ትልቅ ሥራ በየምዕራፉ በር አለው፤ በሩ ላይ ያለው ወሳኝ ሰው "ይለፍ" ካለ ያልፋል፤ "አይለፍ" ካለ ፕሮጀክቱ በክብር ይዘጋል፤ በሳል መሪ በተዘጋ በር ላይ ጉልበት አያባክንም። "ስለዚህ ፕሮጀክቱ ዛሬ ተዘግቷል" አለን። "ስለ አገልግሎታችሁ አመሰግናለሁ። ከሂደቱ ምን ተማራችሁ?"

"ጀማል" አልኩት፣ "አባትህ እናትህን ሲጠይቅ ስንት ጊዜ ሽማግሌ ላከ?"

"እሱ ያልተቀናጀ አሠራር ነበር፣ ጋሽ ሰይድ" አለኝ። "ደግሞ ልጅ ናት ብለዋል። ልጅነቷን እኔ በምን አሻሽለዋለሁ?"

ሐጂ አብዲ ውሃውን ገፋ አደረጉት። "ወሪያ! እኛ ከስደት ስንመለስ እዚህ ከተማ ጣሪያ ያለው ቤት ፈልገን አጣን። ያኔ 'ተዘግቷል' ብለን ብንመለስ አንተ ዛሬ የት ቢሮ ትቀመጥ ነበር?"

"ጥሩ ግብዓት ነው" አለ ጀማል።

አሳዘነኝም፣ አናደደኝም። ከሁሉ የከፋው ደግሞ እጃችን መታሰሩ ነው። ሽማግሌ ያለ ላኪ አይሄድም። በራሳችን ተነስተን ብንመለስ ለማን ልንጠይቅ ነው?

ረመዳን ሊገባ ተቃረበ። አንድ ጠዋት ጋሽ ይማም ጎማ ተበሳብኝ ብለው አስጠሩኝ። መኪናቸው በር ላይ ቆሟል። ለካ እምቢ ካሉን ጀምሮ ጭነት አልቀበልም ብለዋል፤ እኛ ስንመለስ በርበራ መንገድ ላይ እንዳይሆኑ። ፍየሏ ተመግባ ተመግባ በርሜል አክላለች። ጎማውን አየሁት። ቀዳዳ የለው፣ ሚስማር የለው። የቫልቩ ክዳን ግን በሥነ ሥርዓት ተፈትቶ መሬት ላይ ተቀምጧል።

"ሰይድ፣ ምን ሆኖ ይመስልሃል?" አሉኝ።

"አልተበሳም ጋሼ። አየር ወጥቶለት ነው።"

"አዬ፣ እኔ እንኳ ትንሽ ነበር ያስወጣሁት... ማለቴ፣ ትንሽ የወጣ መስሎኝ ነበር።" ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "መልሰው ቢሞሉት ግን ይሞላል አይደል?"

"ይሞላል ጋሼ። የሚሞላው ሰው ከመጣ።"

"እሱ እኮ ነው የጠፋው" አሉና ወደ ፍየሏ ዞሩ። እሳቸው "ለምን አልተመለሳችሁም?" ብለው አይጠይቁ፤ ነውር ነው። እኔም "ፕሮጀክቱ ተዘግቷል" አልላቸው። ጎማውን ሞላሁትና ወጣሁ።

ሐያት በሩ ላይ ደረሰችብኝ። "ጋሽ ሰይድ፣ ጀማል ምን ሆነ? ራሱን መታመም ተወ እንዴ?" አለች። ለእሷ መዋሸት አልሆነልኝም፤ በሩንም፣ ምዕራፉንም፣ የታሸገውን ውሃም ነገርኳት። ሳቀች፤ አጥሩን ተደግፋ እስኪያስነባት ሳቀች። ሳቁ ሲያልቅ እንባው አላለቀም። "እና እኔ ተዘጋሁ?" አለችኝ። "አሁን እንዲህ ያለውን ጅል ብቻውን ጥዬ እንዴት ነው የምሄደው?" ብላ ዞራ በቀጥታ ወደ አባትዋ ገባች። ውስጥ ምን እንዳለቻቸው አላውቅም። ጮክ ብላ እንደነበር ግን ማዶ ሻሂ ቤት ያሉት ሁሉ ያውቃሉ።

ማታውን ጋሽ ይማም ላኩብን። የሴት ወገን ወደ ወንድ ወገን ሽማግሌ ሊልክ ነው! አያት ቅድመ አያት ያልሰማው ነገር ነው። ደግሞ ማንን ይላኩ? በከተማው ያለነው ሽማግሌዎች እኛው ነን። እናም እኔና ሐጂ አብዲ፣ ያንኑ ሂና ተቀብተን፣ ከዚያው ሻሂ ቤት ተነስተን፣ በተቃራኒው አቅጣጫ ተላክን።

ጀማል በሩን ሲከፍት ሐጂ አብዲ አልተቀመጡም። "ወሪያ ጀማል! ይማም ልኮናል። ልጁን ስጡኝ ብሏል።"

"የቱን ልጅ?"

"አንተን!"

ፊቱ እንዴት እንደበራ ብታዩ! እኔ ራሴ እልል ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ልጁ ግን ወዲያው ኮስተር አለ። "ደስ ይለኛል" አለ፣ "ግን የተዘጋ ፕሮጀክት እንዲሁ አይከፈትም። የለውጥ ጥያቄ ይቀርባል፣ ይጠናል፣ ይመከርበታል። ለጊዜው... ሂዱና ሰሞኑን ብትመለሱ።"

ሐጂ አብዲ ከዘራቸውን አነሱ። ጥያቄው እዚያው ጸደቀ።

ኒካሑ ረመዳን ሳይገባ ታሰረ፤ ፍየሏም ለቁም ነገር ዋለች። ጋሽ ይማም እንደቆረጡት ሀገር ቤት ሲገቡ ሐያት ሐርጌሳ ቀረች። ጀማል ሥራውን ክፍል ፊት ሲያቀርብ እኛም ተጋበዝን። ሐጂ አብዲ ከፊት ወንበር ላይ ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ተቀመጡ። ጀማል ቆሞ ምን ቢል ጥሩ ነው? "በውስብስብ ፕሮጀክት ውስጥ በጊዜው መዝጋትን የሚያህል የድርድር ስልት የለም" አለ! ተጨበጨበ። አስተማሪው በጣም አደነቀው፤ ከክፍሉም አንደኛ ወጣ። ሐያት ከኋላ ተቀምጣ በነጠላዋ አፏን ይዛ ትስቃለች። እኔ ግን ቤቴ ስገባ ነገሩን ሳሰላስል አደርኩ። እስቲ አስቡት፤ እንደ ወጉ ብንመለስ ጋሽ ይማም ገና ሁለት ሦስቴ ያመላልሱን ነበር። ረመዳንም ይደርስ ነበር። ጅሉ ልጅ በጅልነቱ ቀደመን።

ይኸው ዛሬ ሐርጌሳ ቆማለች፤ ጺሜም ሂና ሳያስፈልገው ነጥቷል። የፈሩት ይደርሳል፣ ባለፈው ጁምዓ ለልጄ ለሰሚራ ሽማግሌ መጣ። መሪያቸው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ጀማል! ያማረ ጺም አውጥቶ፣ የሐጂ አብዲን ከዘራ ወርሶ። የተላኩለትን ልጅ አውቀዋለሁ፤ ደህና ልጅ ነው፤ ሰሚራም ትወደዋለች። እኔ ደግሞ ከጋሽ ይማም ተምሬያለሁ። ፍየል ሳስር፣ አየር ሳስወጣ አልገኝም ብዬ ምያለሁ። ስለዚህ ጀማል ንግግሩን ሳይጨርስ "እሺ" አልኩት። "ሰጥቻችኋለሁ። ውሰዷት።"

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንደኛው "ልጅቱ ጤና ናት?" ብሎ ሲያንሾካሹክ ሰማሁት። ጀማል ከዘራውን ተመርኩዞ ተነሳ። "ጋሽ ሰይድ፣ ይህን ያህል ከቸኮላችሁ... እስቲ ተማክረን እንመለስ" አለኝ። ወጡ። አልተመለሱም። ሰሚራ አታናግረኝም፤ እናትዋም እንደዚያው። ዛሬ ሄጄ ፍየል ገዝቼ ግቢ ውስጥ አስሬያለሁ፤ ጎሚስታውንም አልከፈትኩም፤ ድንገት ቢመጡ እንዳያጡኝ።

ወደ መሃል ከተማ የምትወጡ ከሆነ፣ ጀማልንም መንገድ ላይ ካገኛችሁት፣ እባካችሁ አንድ ነገር ንገሩልኝ። ሰይድ እምቢ ብሏል በሉት።