ሽማግሌው ይሰረዝ ያሉት ጽሑፍ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለእናቴም ቢሆን። እናንተ ፊቴን ስለማታዩኝ ትንሽ ይቀለኛል።

እኔ ሽማግሌ ነኝ።

አትሳቁ። ሲያዩኝ ኢየሩሳሌም፣ ቂርያት ሃዮቨል ሰፈር ከእናቴ ጋር የምኖር፣ ያላገባሁ የሒሳብ መምህርት ነኝ። ኢንተርኔት ላይ ግን ማንም ገብቶ የሚጽፍበት የአማርኛ መዝገበ ዕውቀት አለ፤ እዚያ ስሜ «ሽማግሌው ከጎንደር» ነው። መጀመሪያ በራሴ ስም ነበር የገባሁት። ስለ ክፍልፋይ የተጻፈ አንድ ስሕተት አረምሁ። ደሳለኝ የሚባል የአዲስ አበባ ሰው «እህቴ፣ ቀስ በይ፤ መጀመሪያ መደመር ተማሪ» አለኝ። እኔን! መልስ መስጠት አፈርሁ። ስሜን ቀይሬ ያንኑ እርማት ደገምሁት። ያው ደሳለኝ «አባታችን፣ ዕድሜ ይስጥልን» ብሎ ጻፈ። እናንተ ብትሆኑ ወደ ድሮ ስማችሁ ትመለሱ ነበር?

ከዚያ ወዲያ ተከብሬ ኖርሁ። አንድ ቀን ስልኬን እያየሁ ስስቅ እናቴ ያዘችኝና «ማነው?» አለች። መዋሸት ስለማይሆንልኝ «አንድ የጎንደር ሽማግሌ ነው» አልኋት። ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ዓሊያ ወጥቶ እስራኤል ገብቷል ወይስ ገና ጎንደር ነው?» ብላ ጠየቀች። ተስፋ የቆረጠች እናት እንዲህ ናት።

ወደ ነገሬ ልመለስ። በቅርቡ «የቻይና ተማሪዎች በውጭ አገር» የሚል ጽሑፍ ለውሳኔ ቀረበ፤ ይቆይ ወይስ ይሰረዝ? ደንቡ ተከራክራችሁ ወስኑ ይላል። ግን ሽማግሌ ከተናገረ በኋላ ማን ይከራከራል? እኔ ፈተና እያረምሁ ነበር። ጽሑፉን ላይ ላዩን አየሁት። «ተማሪው ለእናቱ ሲደውል በልቻለሁ ይላል፤ አልበላም» የሚል ነገር ዓይኔ ገባ። ይህ ምን ማስረጃ አለው? «ይሰረዝ» አልሁ። ሁሉም ተከታትለው «አባታችን እንዳሉት» አሉ። አንዳቸውም ያነበቡት አይመስለኝም።

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ሊንን አገኘኋት። ሊን ግእዝ ልትማር ኢየሩሳሌም የመጣች ቻይናዊት ናት። ትምህርት ቤቴ ለኢትዮጵያ ጎዳና ቅርብ ስለሆነ፣ እዚያ ካለው የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ግንብ ጥላ ሥር ተቀምጠን አማርኛ አለማምዳታለሁ። ያን ቀን ቦርሳዋን እንደ ሕፃን አቅፋ መጣች።

«እህት ዓለም፣ ስለ እኛ ተማሪዎች አንድ ጽሑፍ ጻፍኩ። አንድ ትልቅ ሰው አስቀየምኩ» አለችኝ።

ቦርሳዋን ከፈተች። ድንጋይ! በእናንተ ባህል ያስቀየመ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይጠይቃል ተብላ ተምራለች። ይህ ይበቃል ወይስ ያንሳል ትለኛለች። ጎንደርስ በምን ይኬዳል?

ኢየሩሳሌም ላይ ድንጋይ አይቸግርም። የቸገረው ሽማግሌው ነው። ሽማግሌው ደግሞ ጎኗ ተቀምጠው ሳንድዊች ያኝካሉ።

«ማስረጃ የለውም አሉኝ» አለች ሊን። «ማስረጃው እኔ ነኝ። ዛሬም ለእናቴ ደውዬ በልቻለሁ ብያታለሁ።»

ሳንድዊቼን ገምሼ ሰጠኋት። እኔስ ከቤት ርቄ ሃይፋ ከተማ ስማር ለእናቴ ሌላ ምን እላት ነበር? እኔ ነኝ ልላት አፌን ከፈትሁ። የወጣው ግን «ድንጋዩን ስጪኝ፣ የሚሄድ ሰው አላጣም» የሚል ሆነ።

ከሰዓት በኋላ መቀመጥ አቃተኝ። ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፣ አጠፋለሁ። ተማሪዎቼ «መምህርት፣ ደህና ነሽ?» እስኪሉ ድረስ። ባቡር ውስጥ ድንጋዩን ተሸክሜ ጽሑፉን ከላይ እስከ ታች አነበብሁት። ከዚያች ከ«በልቻለሁ» በቀር ሁሉም ማስረጃ ከሥሩ ተደርድሮለታል! ወዲያው በሽማግሌው ስም «ልጆቼ፣ ተሳስቻለሁ፤ ይቆይ» ብዬ ጻፍሁ። ደሳለኝ ምን ቢል ጥሩ ነው? «አባታችን፣ ይህ ትሕትናዎ ነው። የመጀመሪያ ቃልዎን መሬት አንጥልም።» ከአፍ ከወጣ አፋፍ ማለት ይኸው ነው። ውሳኔው በማግስቱ ሊዘጋ ነው፣ እኔን ደግሞ ከራሴ ክብር የሚያድነኝ ጠፋ።

በማግስቱ ጠዋት ባቡር ላይ በዚያ በተውሁት ስሜ፣ በሴቲቱ ስም፣ ገባሁ። እንዲህም ጻፍሁ፦ «አባታችን ይቆይ ማለታቸው ስሕተት ነው። ዕድሜ ተጫጭኗቸው ይሆናል። ይሰረዝ።»

ባቡሩ የሄርዝል ተራራን ፌርማታ ሳያልፍ እሳት ተነሣ። አንቺ ማነሽ? አባታችንን ነው ስሕተት የምትይ? ደሳለኝማ ጽሑፉን ያኔ ገና ከፍቶ ኖሮ፣ የማስረጃ መዓት እየጠቀሰ ወረደብኝ። «እህቴ፣ መጀመሪያ አንብቢ! አባታችን ይቆይ ካሉ ይቆያል!» ሁሉም ተራ በተራ ሐሳባቸውን ለወጡ። የሊን ጽሑፍ ዳነ።

ስድቡ ግን አልቆም አለ። የማን ልጅ ነሽ፣ ማን አሳደገሽ እያሉ እናቴ ዘንድ ሊደርሱ ሆነ። ሴቲቱ አሳዘነችኝ። ስለዚህ በሽማግሌው ስም ተመልሼ ገባሁና «ልጆቼ፣ ተዉአት፤ ልጅ ናት፤ ትማራለች» ብዬ አማለድኋት።

«አባታችን» አለ ደሳለኝ፣ «ስለ እርስዎ ስንል ምረናታል።»