የግማሽ ፐርሰንት ጉርብትና

ግብር ሲጨመርበት እልል ያለ ሰው እስካሁን አላየሁም። አንዱ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ብሎ አንገቱን ደፍቶ ይከፍላል፤ ሌላው ንጉሡን መክሰስ ባይችል እያማ ይከፍላል። እኔ ከሁለተኞቹ ነኝ። ሐሜቱ ባይታከልበት ግብር መክፈል ምን ያህል ደረቅ ነገር በሆነ ነበር! እናንተም «እኛስ አናማም» ብላችሁ እንዳታስቁኝ።

እዚህ ጆሃንስበርግ መንግሥት ቫት ላይ ግማሽ ፐርሰንት ልጨምር ነው ያለ ሰሞን ከተማው ሁሉ የኢኮኖሚ ሊቅ ሆነ። ጀፕስታውን ውስጥ ብርድ ልብስ በጅምላ እሸጣለሁ፤ ደንበኛው ዋጋ መጠየቁን ትቶ ስለ ፓርላማ ይጠይቀኝ ጀመር። እኛ ሐበሾችም ድምፅ የማንሰጥበትን ፓርላማ ምሳ ላይ ስናፈርሰውና ስናቆመው ወጡ ይቀዘቅዝብን ነበር። «ግማሽ ፐርሰንት ምን ትጎዳለች?» ያለ አንድ የዋህ ምሳውን ብቻውን እንዲበላ ተፈረደበት።

ወዳጄ ሸምሱ ግን የተለየ ሐሳብ መጣለት። ሸምሱ የስልጤ ልጅ ነው፤ አሌክሳንድራ በሚባለው የድሆች ሰፈር የአንዲት አሮጊት ጋራዥ ተከራይቶ ስኳር፣ ሻማና ሳሙና ይቸረችራል። አሮጊቷን ሰፈሩ በሙሉ «ጎጎ» ይላቸዋል፤ አያት እንደማለት ነው። በዚያው ሰሞን «የውጭ ሰዎች የተበላሸ ዕቃ ይሸጡልናል» የሚል ወሬ እየተናፈሰ አንዳንድ ሱቆች ተዘግተው ነበር። ሸምሱ ፈራ። ቢፈራም አይፈረድበትም፤ ያቺ ጋራዥ ከተዘጋች ሌላ መግቢያ የለውም። ስለዚህ ጎረቤቱን በደግነት ልማርክ ብሎ ካርቶን ቀደደና በትልልቅ ፊደል ጽፎ በሩ ላይ ሰቀለ፦ «ሌላው ሁሉ ቢጨምር፣ እዚህ አይጨምርም!»

ሳይቸግር ጤፍ ብድር።

ግብሩ ገና አልጸደቀም። ስኳር ግን ጆሮ አለው መሰለኝ፣ ወሬውን እንደሰማ በየሱቁ ተወደደ። ሸምሱ ጋ ብቻ በድሮው ዋጋ ተቀመጠ፤ ተቀመጠ ስላችሁ ገዢ አጥቶ ማለቴ ነው። ያዘዘውን ብርድ ልብስ ላደርስለት የሄድኩ ቀን አንዷ ከረጢቱን እያገላበጠች ጊዜው የሚያልፍበትን ቀን ስትፈልግ፣ ሌላው ሲያሸተው አየሁ። አንዱ ደግሞ «ይሄ ሰው ግብር አይከፍልም ማለት ነው» ብሎ ሳይገዛ ሄደ። በመጨረሻ ጎጎ ራሳቸው መጡ።

«ሃይቦ! ማይ ፍሬንድ!» አሉ እንደ መገረም ብለው፣ ካርቶኑን በምርኩዛቸው እየነኩ። «ሰው ምን እንደሚል ሰምተሃል?»

«ምን ይላል፣ ጎጎ?»

«ደህና ስኳር ቢሆን አይረክስም ነበር ይላል። እኔንም ‹ቤትሽን ለማን ነው ያከራየሽው?› እያሉኝ ነው። ዋጋ ጨምር!»

«ለእናንተ ብዬ እኮ ነው!»

«ለእኛ ካልክ እንደ ሰው ጨምር! አለዚያ ጋራዤን መልስልኝ።»

ሸምሱ ወደ እኔ ዞረ። «ጋሼ፣ ወላሂ ጉድ ፈላብኝ። ምን ላድርግ?»

«ዝም አይነቅዝም ነበር፤ አንተ ለፈፍክ» አልኩት። «በል አሁን ጨምር።»

በደንበኛ ጥያቄ ዋጋ የጨመረ ነጋዴ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ በዓይኔ በብረቱ አየሁ። ካርቶኑን ቀዶ ጣለ፣ ስኳሩን እንደ ሌሎቹ ሱቆች አስወደደ፣ ሰውም ተመልሶ መጣ። እየገዛ መንግሥትን ይረግማል፤ ሸምሱም አብሮ ይረግማል። በሌላ ጊዜ ስሄድ ሌባ ፈርቶ ዘወትር ከሚሸጥበት የብረት ፍርግርግ ጀርባ አጣሁት። ለካ ውጭ ነው! የለስላሳ ሳጥን ገልብጦ ከጎረቤቶቹ መሐል ተቀምጧል። አንድ መካኒክ ትከሻውን ይዞ «ጨረሱን እኮ፣ ወንድሜ!» ይለዋል፤ ጎጎ ደግሞ ከያዙት ዳቦ ቆርሰው ይሰጡታል። ስንት ዓመት በፍርግርጉ ቀዳዳ መልስ ሲያቀብል ለኖረ ሰው፣ ገና ያልተከፈለ ግማሽ ፐርሰንት ጎረቤት አስገኘለት። ደስ አለኝ፣ ትንሽም ቀናሁ።

ክፉ ነገር አይዘገይም፤ መንግሥት ግብሩን ተወው። ፓርላማው እርስ በርሱ ሲነታረክ ከርሞ ሐሳቡ ወደቀና ከተማው ፈነጠዘ። እኔም ምሥራቹን ልነግረው አሌክሳንድራ ወረድኩ። ሸምሱ ቀድሞኝ ሰምቶ ስኳሩን ከማለዳው አርክሶታል። ሰዉም «ተባረክ» እያለ፣ እየገዛ፣ ወደየቤቱ ይሄዳል። የሚቀመጥ የለም። ሸምሱም ፍርግርጉ ጀርባ ተመልሷል።

«ምነው፣ ደስ አላለህም?»

«ደስ ብሎኛል፣ ጋሼ» አለኝ፤ ፊቱ ግን ለቅሶ የደረሰ ሰው ፊት ነው። «አሁን ምን ብዬ አብሬያቸው ልቀመጥ?»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ አንጀቴን በላው። ላጽናናው ብዬ መንገድ ላይ የሰማሁትን ነገርኩት።

«አይዞህ፣ የመብራት ዋጋ ሊጨምር ነው አሉ።»

«አልሐምዱሊላህ!» አለና፣ ወጥቶ ሳጥኖቹን ይወለውል ጀመር።