ሙት የማይወቅሱት አቶ ወልዴ

ሙት ሲወቀስ የማይወድ ሰው በየሰፈሩ አይጠፋም። በጣሊያን ጊዜ ቡታጅራ ውስጥ የኛው አቶ ወልዴ ነበሩ።

ጣሊያን አርበኛ ይደበቅበታል ብሎ በየበጋው የተራራውን ሣር ያቃጥላል። እሳቱ ወደ ጎጆዎቻችን ሲዞር እኛ ልናጠፋው እርጥብ ቅጠል ይዘን እንወጣለን። አንድ በጋ ጎረቤታችን ከበደ ከእሳቱ ሊያመልጥ ሽቅብ ሮጠ። እሳት ደግሞ ዳገት ላይ ከሰው ይፈጥናል። ነዶ ያለቀው መሬት ላይ ቢቆም ኖሮ ይተርፍ ነበር።

ለቅሶው ላይ አቶ ወልዴ "ዳገቱን እንደ ነብር የወጣው" እያሉ አሞገሱት። ምን ቢያደርግ ይተርፍ ነበር ብሎ ማን ይጠይቃል? ሙገሳው ግን እየተወራ አደገ፤ ዓመት ሳይሞላ ከበደ እሳቱን በጥፊ እየመታ የወጣ ሆነ።

በሚቀጥለው በጋ እሳቱ ሲመጣ የከበደ ታናሽ ወንድምም በዚያው ዳገት ሽቅብ ሮጠ፤ እዚያው ቀረ።

አቶ ወልዴ ሊያሞግሱ ሲነሱ የሟቾቹ እናት፣ "ተቀመጥ ወልዴ። ልጆቼ ሽቅብ መሮጥ አልነበረባቸውም" አሉ።

"እማማ፣ ሙት አይወቀስም እኮ።"

"እነሱማ አይሰሙም። እኔ የምናገረው ለቆሙት ነው።"

እኔም ከዚያ ወዲህ ለቤተሰቤ አንድ ኑዛዜ አለኝ፦ እሳት ከበላኝ መጀመሪያ ውቀሱኝ፤ ከዚያ አልቅሱልኝ።