የጋብቻው ኮንትራት ስምንት ሰዓት ላይ ያልቃል

ትርሲት ይህን ሕልም ያየችው ትናንት ነው፤ ያውም በጠራራ ፀሐይ፣ ምሳዋን በልታ ባሕር ዳርቻ በቆመ መኪናቸው ውስጥ ጋደም ባለችበት።

ትርሲት ነርስ ናት፤ ባሏ አንዱዓለም ደግሞ የማቀዝቀዣ መካኒክ። ሁለቱም የደብረ ብርሃን ልጆች ናቸው። ያለፉትን ስድስት ዓመታት ግን የኖሩት በኬንያ የባሕር ዳርቻ ነው፤ አንዱዓለም በገዛ እጁ አልጋና ምድጃ በገጠመላት አሮጌ ሚኒባስ ውስጥ። ሦስት ወር፣ አራት ወር አንድ ቦታ ተቀጥረው ይሠራሉ፤ እሷ ክሊኒክ፣ እሱ የዓሣ ማከማቻ ወይም ሆቴል። ኮንትራቱ ሲያልቅ ሚኒባሷን አስነሥተው፣ ሌላ ሥራ እስኪጀምሩ ድረስ ዳርቻ ዳርቻውን ይጓዛሉ። የሚያያቸው ሁሉ ይቀናባቸዋል። ትርሲትም ሰው ሲቀናባት ፈገግ ትላለች። ከፈገግታው በታች ያለውን ግን ለማንም፣ ለአንዱዓለምም ቢሆን፣ ተናግራ አታውቅም።

በሕልሟ አንዱዓለም እየነዳ፣ እሷ ከጎኑ ተቀምጣ ወደ ሰሜን ይሄዳሉ። በስተቀኝ መሆን የሚገባው ባሕር በስተግራ ነበር። ይህ ብቻ ቢሆን ባልደነገጠች። ዳርቻው ላይ ግን ዓሣዎች በየጥላው ሥር ወንበር ዘርግተው ተቀምጠዋል፤ ባርኔጣ ያጠለቁ፣ ቦርጫቸው የተዘረገፈ ትልልቅ ዓሣዎች። የማጥመጃ ዘንጋቸውን ወደ አስፋልቱ እየወረወሩ ሰው ያጠምዳሉ። ከፊታቸው በሞተር ብስክሌት ይሄድ የነበረ ሰውዬ በኮሌታው ተይዞ ሽቅብ ተነሣ። ሞተሩ ብቻውን ትንሽ ሄዶ ወደቀ።

«አየኸው?» አለች ትርሲት።

«ገና ትንሽ ነው፤ ይመልሱታል» አለ አንዱዓለም፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሣ።

ወዲያው አንድ መንጠቆ መጥቶ በመስኮቱ አጠገብ ተንጠለጠለ። ጫፉ ላይ የተሰካው ትል አልነበረም፤ ማኅተም ያረፈበት የቅጥር ደብዳቤ ነበር። አንዱዓለም መስታወቱን ዝቅ አድርጎ እጁን ሰደደ።

«ተው! አትንካው!»

«ቋሚ ሥራ ይመስላል እኮ፣ ትርሲትዬ። ላንብበው ብቻ።»

እጁን በጥፊ መታችው። መንጠቆው የሚኒባሷን ጎን ሲጥጥ አድርጎ ፍቆ ቀረ። ዞር ብላ ስታይ ዘንጉን የያዘው ዓሣ ከወንበሩ ተነሥቶ ቆሞ ያያቸዋል። የቸኮለ አይመስልም ነበር።

ትንሽ እንደሄዱ መንገዱ በገመድ ተዘጋ። ገመዱን የያዘችው መነጽር ያደረገች አሮጊት ኤሊ ናት።

«እንደምን ዋላችሁ ልጆቼ። ቤታችሁ የታለ?»

«ይኸው፣ ውስጡ ተቀምጠናል፣ እማማ» አለች ትርሲት።

ኤሊዋ አፏን በእጇ ያዘች። «ውስጡ? ሰው ቤቱን ይሸከማል እንጂ ቤት ሰው ይሸከማል? ውረዱ፤ ኧረ ሰው ሳያያችሁ ውረዱ!»

ወረዱ። አንዱዓለም ከፊት፣ ትርሲት ከኋላ ሆነው ሚኒባሷን ተሸከሟት። እንቅልፍ የወሰደው ሕፃን ያህል ነበር ክብደቷ። «ቀስ በሉ፣ ቀስ፣ ጭንቅላቴን ያዞረኛል» ትላቸዋለች ሚኒባሷ። ትርሲት ልትስቅ ስትል እግሯ ሥር አየች። አስፋልቱ አልቆ አሸዋ ጀምሯል፤ አሸዋው ላይ ደግሞ የራሷ ዱካ ከፊቷ ታትሞ ይጠብቃታል። ገና ያልረገጠችው ነው። እግሯን ከዱካው ውጭ ልታሳርፍ ሞከረች፤ እግሯ እንቢ አላት። የአንዱዓለምም ዱካ ከጎኗ አለ። ሁለቱ ዱካዎች ጎን ለጎን ሄደው አንድ ትልቅ ሕንጻ በር ውስጥ ይገባሉ። ከሕንጻው የሚወጣው ግን የእሷ ዱካ ብቻ ነበር።

«አንገባም» አለች። «አንዱዓለም፣ እንመለስ።»

«ከገባን እኮ ቆየን» አለ። እውነቱን ነበር። ዙሪያዋን ስታይ ቢሮ ውስጥ ናቸው።

ውጭ፣ ፀሐዩ ላይ፣ ከረባት ያሰሩ ኃላፊዎች በረድፍ ተሰልፈዋል። እያንዳንዱ ማኅተሙን በሁለት እጁ ይዞ ያልበዋል። ውስጥ፣ ከየጠረጴዛው ጀርባ የተቀመጡት ነጠላ ያጣፉ ባልቴቶች፣ ጫማ ጠራጊዎችና ሎተሪ አዟሪዎች ናቸው። ሻይ እየጠጡ «ነገ ተመለስ» ይላሉ። ትርሲትንና አንዱዓለምንም የቆዳ ወንበር ላይ አስቀመጧቸው። ከሰልፉ ፊተኛ የነበረው ከሲታ ኃላፊ ጎንበስ ብሎ ገባ።

«ጌቶቼ፣ ከንጋት ጀምሮ ተሰልፌ ነው። ይህችን ጉዳይ ብቻ ጨርሱልኝ።»

«የምን ጉዳይ?» አለች ትርሲት።

«የጋብቻችሁ ኮንትራት ነው። ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ ያልቃል። መልቀቂያው ላይ ፈርሙልኝና ልሂድ።»

«ጋብቻ ኮንትራት የለውም! ኮንትራት ያለው ሥራ ነው።»

ኃላፊው በአዘኔታ አያት። «እዚህ ሥራ ነው የዕድሜ ልክ፣ እመቤቴ። ትዳር በየሦስት ወሩ ነው። የእናንተማ ሳይታይ ቀርቶ ስድስት ዓመት ሄደ።»

የግድግዳው ሰዓት ለስምንት አሥር ጉዳይ ይላል። አንዱዓለም ብዕሩን አነሣ። ሰው ሲጉላላ ማየት አይችልም፤ ጠባዩ ነው። «ሰውዬው ደክሞታል፣ እንፈርምለት» ብሎ መጻፍ ጀመረ። «አ» ሲል ፊቱ ትንሽ ረጋ። «ን» ሲል ግንባሩ ላይ ያለችው፣ እሷ የምትስማት መሥመር ጠፋች። «ዱ» ብሎ ቀና አለና አያት።

«ይቅርታ እመቤቴ» አለ በትሕትና። «እርስዎም የሚፈርሙት እዚህ ነው?»

እርስዎ አላት። ሲቆጣ ሰድቧት ያውቃል፤ ሲያኮርፍ ሁለት ቀን ዘግቷት ያውቃል፤ እርስዎ ብሏት ግን አያውቅም። ከዓሣዎቹ መንጠቆ ይልቅ ይህች አንድ ቃል አስፈራቻት። ብዕሩን ከእጁ ነጠቀችው። ወረቀቱ ላይ «አንዱ» የሚል ብቻ ተጽፏል፤ ማንም ሊሆን የሚችል አንዱ።

«ይታደሳል?» አለች ኃላፊውን ከረባቱን ይዛ። «ኮንትራቱ ይታደሳል?»

«ሰነድ ካላችሁ።»

«ምን ዓይነት ሰነድ?»

«ለእሱ ነግረውት የማያውቁት ነገር። የተነገረውማ እኛ ዘንድ አይቆጠርም።»

ለስምንት ሁለት ደቂቃ ጉዳይ ነበር። ትርሲት ወደ ባሏ ዞረች። እንግዳ ሰው እንደሚያዳምጥ እጁን አጣምሮ ይጠብቃታል።

«ደክሞኛል» አለች። «ይህን ኑሮ አልወደውም። መጀመሪያ ወድጄው ነበር፤ እውነቴን ነው። አሁን ግን ኮንትራት ባለቀ ቁጥር፣ አንተ እያፏጨህ ዕቃ ስትጭን፣ እኔ ሽንት ቤት ገብቼ አለቅሳለሁ። ባለፈው አንድ ሆስፒታል በቋሚነት ልቅጠርሽ ብሎኝ ነበር። እንቢ አልኩ። አልነገርኩህም። ብነግርህ እሺ ትለኝ ነበር፤ እሺ ብለህ ደግሞ ውስጥህ ይሞት ነበር። እሱን ፈርቼ ነው።»

ኃላፊው አንድም ሳያስቀር ጻፈ። አንዱዓለም ቀና ብሎ አያት። ከሩቅ አገር የሚመጣ ሰው የመሰለ ነገር ዓይኑ ውስጥ መቅረብ ጀመረ።

«እር...» ብሎ አቆመ። «አን...»

ሰዓቱ መደወል ጀመረ። ያኔ፣ ዘመኑን ሙሉ ተኝቶ የኖረው ባሕር ተነሥቶ ቆመ። በመስኮቱ በኩል ታየ፤ ከሕንጻው ይበልጣል፣ ጥላው ክፍሉን አጨለመው። ኃላፊዎቹ ማኅተማቸውን እየጣሉ ሮጡ። ውሃው በበሩ ሥር ገባ፣ ጠረጴዛውን አነሣ፣ አንዱዓለምን አነሣ። ትርሲት እጅጌውን ያዘች።

«ጨርሰው! በናትህ ጨርሰው! አንቺ በለኝ!»

አፉን ከፈተ። ውሃ ገባበት። እጅጌው ከጣቶቿ መካከል ሲያመልጥ ጮኸች፤ ነቃች።

ዓይኗን አልገለጠችም። ከሥሯ ሚኒባሷ በዝግታ እየተወዛወዘች ትሄዳለች። እሷን ሳይቀሰቅስ ጉዞ ጀምሯል ማለት ነው። እፎይታው እንባ ሆኖ መጣ። ሳትፈራ እንደዚያው፣ በዚያው አፏ፣ ዛሬውኑ ልትነግረው ወሰነች።

«አንዱዬ» አለች፣ «ቀስ ብለህ ንዳ። የምነግርህ ነገር አለኝ።»

«እ?» አለ አንዱዓለም፣ ከዚያው ከአጠገቧ፣ ከአንድ ትራስ ላይ፣ እንቅልፍ በተጫነው ድምፅ። «አንቺ አይደለሽም እንዴ የምትነጂው?»

ባንድ ጊዜ ቀና አሉ። ትርሲት መጋረጃውን ገለጠች። ምሳ የበሉበት አሸዋ የለም፤ ውሃው ሞልቶ ወጥቷል። ዳርቻው፣ ከነኮኮናት ዛፎቹ፣ ቀስ እያለ እየራቃቸው ነበር።